የሩዋንዳው ሬዲዮ ስንት ሰው አስገደለ?

በሀገራችን የመገናኛ ብዙኃን ጉዳት በተነሳ ቁጥር ሩዋንዳ ሳትጠራ ክርክር አያልቅም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን «ኢንተርሃምዌ» የሚለው የሩዋንዳው ገዳይ ሚሊሻ ስም ከፖለቲከኞቻችን አፍ ገብቶ ነበር፤ ዛሬም ፌስቡክ ወይም ዩቲዩብ ሲከሰስ ምስክር ሆኖ የሚቀርበው የሩዋንዳው ሬዲዮ ነው። ታሪኩ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይነገራል፦ ሬዲዮው «ግደሉ» አለ፤ ሕዝቡም ገደለ። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን በምን ታወቀ? ሬዲዮው ባይኖር ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር? ይህን ለማወቅ አንዱ ተመራማሪ ወህኒ ቤት ገባ፣ ሌላው የተራሮቹን ከፍታ ለካ፣ ሦስተኛዋ መንደር ለመንደር ካሴት ይዛ ዞረች። ይዘውት የተመለሱት መልስ የተለያየ ነው። የልዩነቱ ምክንያት ደግሞ የብዙኃን መገናኛ ጥናት በአጠቃላይ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ያሳያል። (ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጣቢያው ራዲዮ ቴሌቪዥን ሊብር ደ ሚል ኮሊን ይባል ነበር። ስሙ ሩዋንዳ የምትሞገስበትን «የሺህ ኮረብቶች ምድር» የሚለውን ቅጽል የያዘ ነው። ማሰራጨት የጀመረው በሐምሌ 1993 ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ፌርዲናንድ ናሂማና የታሪክ መምህር ነበር። ጣቢያውን በጥላቻ ብቻ የሚያስታውስ ሰው አንድ ነገር ይስታል፤ ጣቢያው ይወደድ ነበር። የመንግሥቱ ሬዲዮ ደረቅ መግለጫ በሚያነብበት አገር ይኸኛው የኮንጎ ዘፈን ያጫውታል፣ አቅራቢዎቹ በመንገድ ቋንቋ ይቀልዳሉ፣ አድማጭ ስልክ ደውሎ ሐሜት ያወራል። ካንታኖ ሀቢማና የተባለው አቅራቢ ጨዋታ አዋቂ ነበርና ጠላት የሚላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ያዳምጡት እንደነበር ይነገራል። ሚያዝያ 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን ተመትቶ ሲወድቅ ያ የጨዋታ ድምፅ የሰው ስም፣ የመኪና ታርጋ ቁጥርና የመደበቂያ ቦታ መጥራት ጀመረ። በመቶ ቀናት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ፣ በብዙዎች ግምት 800,000 ያህል ሰው፣ አብዛኛው ቱትሲ፣ ተገደለ።

ጭፍጨፋው ከተጀመረ አንድ ወር ገደማ ሲሆን ዋሽንግተን ውስጥ ጣቢያውን በአየር ላይ ማፈን ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ግንቦት 5 በተጻፈ ማስታወሻ እርምጃው ውጤት የማያመጣና ውድ ነው ሲል መለሰ፤ ለአፈናው የሚያስፈልገው አውሮፕላን ለአንድ ሰዓት በረራ 8,500 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር። ማስታወሻውን ያዘጋጁት ሰዎች የኮሙኒኬሽን ንድፈ ሐሳብ እያሰላሰሉ እንዳልነበር ግልጽ ነው። ነገር ግን የሰዓት ሒሳቡን ከስንት ሰው ሕይወት ጋር ማነጻጸር እንደሚገባ ለመወሰን ሬዲዮው ስንት ሰው እያስገደለ እንደሆነ መገመት ነበረባቸው። ሳያውቁት ስለ መገናኛ ብዙኃን ጉልበት ከሚነገሩት ንድፈ ሐሳቦች አንዱን መርጠዋል።

የጥናቱ ዘርፍ መማሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት «የጥይት ንድፈ ሐሳብ» ከሚባለው ነው። መልእክት እንደ ጥይት ነው፤ የተመታ ይወድቃል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሃሮልድ ላስዌል በ1927 ስለ ጦርነቱ ፕሮፓጋንዳ ሲጽፍ የዘመኑ ሰው ፍርሃት ይኸው ነበር። የሚገርመው ግን በዚህ ስም የሚጠራ ንድፈ ሐሳብ እንዲህ ጥርት አድርጎ የጻፈ ሊቅ አለመኖሩ ነው። ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የራሳቸውን ግኝት ለማጉላት ቀዳሚዎቻቸውን ከነበሩበት በላይ የዋህ አድርገው የሣሏቸው ይመስላል። የጥይቱ እምነት ከሊቃውንቱ ይልቅ የፖለቲከኛውና የጋዜጠኛው ሀብት ነው፤ እኛም ስለ ሩዋንዳ በሁለት ዐረፍተ ነገር ስናወራ የምንናገረው እሱኑ ነው።

ያንን እምነት መጀመሪያ ያናጋው የምርጫ ጥናት ነበር። ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940 ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ በምትባል አውራጃ 600 ሰዎችን መርጠው፣ ሩዝቬልትና ዊልኪ በሚፎካከሩበት ዘመቻ ከግንቦት እስከ ኅዳር እነዚያኑ ሰዎች በየወሩ እየተመላለሱ ጠየቋቸው። ዘዴው ራሱ አዲስ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ ከመሄድ ይልቅ የአንዱን ሰው ሐሳብ ጉዞ መከታተል ማለት ነው። የሬዲዮና የጋዜጣን ጉልበት ለመለካት ወጥተው ያገኙት ግን ግማሽ ያህሉ መራጭ ገና ዘመቻው ሳይጀመር የወሰነ መሆኑን ነበር። ሐሳባቸውን የቀየሩት ጥቂቶች ደግሞ ማን እንዳሳመናቸው ሲጠየቁ ከሬዲዮ ይልቅ ጎረቤት፣ ባልደረባ ወይም ዘመድ ይጠሩ ነበር። ላዛርስፌልድ ከዚህ ተነስቶ መልእክት በሁለት እርከን ይፈሳል አለ፦ ከመገናኛ ብዙኃን ወደ ጥቂት ነቃ ያሉ ሰዎች፣ ከእነሱ ወደ ሌላው። ነጋሪት እያስጎሰመ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ አዋጅ ለሚያስነግር የእኛ ቤተ መንግሥት ይህ እንግዳ ግኝት ባልሆነ ነበር። አዋጁ በገበያ መሐል የሚነገረው ለቆሙት ብቻ አልነበረምና።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጥናት እንዲህ ተጠንቅቆ አልተሠራም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1938፣ ኦርሰን ዌልስ ከማርስ የመጡ ፍጡራን አሜሪካን ወረሩ የሚል የሬዲዮ ድራማ አሰምቶ ነበር። በማግስቱ ጋዜጦች አገር እንደተሸበረ ጻፉ። የፕሪንስተኑ ሃድሊ ካንትሪል ወዲያው ጥናት ጀመረና በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳዳመጠ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደፈራ ገመተ። በዝርዝር ቃለ መጠይቅ ያነጋገራቸው ግን 135 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም የተመረጡት መፍራታቸው ስለታወቀ ነው። የፈራ ሰው ፈልጎ ፈራህ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያመጣ ይታወቃል። በዚያው ምሽት በስልክ የተደረገ የአድማጭ ቆጠራ ከተጠያቂዎቹ 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ድራማውን ያዳምጡ እንደነበር ያሳያል። ጋዜጦቹም ማስታወቂያ እየነጠቃቸው የነበረውን ሬዲዮ ኃላፊነት የጎደለው አድርጎ ማሳየት ይጠቅማቸው ነበር። ያም ሆኖ የሽብሩ ታሪክ እስካሁን በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ ጥሩ ታሪክ ደካማ ናሙናን ብዙ ዘመን ያሻግራል።

ወደ ሩዋንዳ እንመለስ። ስኮት ስትራውስ የተባለ አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ በ2002 በሩዋንዳ ወህኒ ቤቶች እየዞረ ተፈርዶባቸው የታሰሩ፣ ጥፋታቸውንም ያመኑ 210 ያህል ገዳዮችን አነጋገረ። ለምን ገባህበት? ማን ጠራህ? መጀመሪያ ቀን ምን ሆነ? አብዛኞቹ ሬዲዮን እንደ ምክንያት አላነሱም። ያወሩት ቤታቸው ድረስ ስለመጣ የቀበሌ ሹም፣ አልሄድም ያለውን ስለሚቀጣ የጎረምሳ መንጋ፣ ከአማጽያን ጋር ይካሄድ የነበረው ጦርነት ስላሳደረባቸው ፍርሃት ነው። ስትራውስ ከዚህም አልፎ የጣቢያውን ሞገድ ሽፋን ግድያው ከተጀመረባቸው ቦታዎችና ቀናት ጋር ሲያስተያይ አልገጣጠም አለው። በጽሑፍ የተገለበጡ ስርጭቶችን ሲመረምር ደግሞ እጅግ የከፉት ንግግሮች የተሰሙት በብዙ ቦታ ግድያው ከተጀመረ በኋላ መሆኑን አየ። በ1991 ሬዲዮ የነበረው ቤተሰብ ከመቶው 29 ያህል ብቻ እንደነበርም ልብ ይሏል። ስትራውስ ሬዲዮው ምንም አላደረገም አላለም፤ አክራሪዎቹን አጠናክሯል፣ አስተባብሯል፣ ግን የጭፍጨፋው ዋና ሞተር አልነበረም ነው ያለው።

እዚህ ላይ የካንትሪል ጥላ ይታያል። የስትራውስ ናሙና ከካንትሪል እጅግ የተሻለ ቢሆንም የሚያውቀው ገዳዮችን ብቻ ነው። ሬዲዮ ሰምቶ ያልገደለው፣ ሳይሰማም ያልገደለው ወህኒ ቤት የለም። በዚያ ላይ ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ የገዛ እጁን ሥራ ምን እንዳነሳሳው ሲጠየቅ፣ ከዘፈን መሐል በቀልድ ተጠቅልሎ የገባበትን ሐሳብ ለይቶ ማስታወስ ይችላል? እኔ እጠራጠራለሁ። ማስታወቂያ አይቶ ሳሙና የገዛ ሰው እንኳ ማስታወቂያው ነው ያስገዛኝ አይልም።

ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት የተባለው ኢኮኖሚስት ማንንም ሳይጠይቅ ሊያውቅ ፈለገ። ጣቢያው ማሰራጫዎቹን የተከለው ኪጋሊና በሰሜን ምዕራብ ሙሄ ተራራ ላይ ነበር። ሩዋንዳ ደግሞ ስሟ እንደሚለው ናት፤ በአንድ ኮረብታ ማዶና ማዶ ያሉ ሁለት መንደሮች በኑሮ ሳይለያዩ አንዱ ሞገዱን ይይዛል፣ ሌላው በኮረብታው ተጋርዶ አይሰማም። ይህ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ሙከራ ነው። ተመራማሪው የከፍታ ካርታውን ከጋቻቻ የማኅበረሰብ ፍርድ ቤቶች የክስ መዝገብ ጋር አጋጠመና በ2014 ውጤቱን አሳተመ፦ 51,000 ያህል ተሳታፊዎች፣ ማለትም ከጠቅላላው ጥቃት 10 በመቶ ገደማ፣ የጣቢያው ሥራ ነው። አሥር በመቶ! ቁጥሩን እንደፈለጉ ማንበብ ይቻላል። «ሬዲዮው ነው የገደለው» ለሚል ሰው አሳፋሪ ትንሽ ነው፤ የ8,500 ዶላሩን ማስታወሻ ለጻፉት ሰዎች ደግሞ አስደንጋጭ ብዙ።

እኔን ግን ከአሥሩ በመቶ ይልቅ የሳበኝ በጥናቱ ውስጥ ያለ ሌላ ግኝት ነው። የሚሊሻው ግድያ የጨመረው ሞገዱ በገባባቸው መንደሮች ብቻ አልነበረም፤ ሞገዱ ባልደረሰባቸው አጎራባች መንደሮችም ጨምሯል። እንዲያውም በዚህ መንገድ ወደ ጎን የተዛመተው የሚሊሻ ግድያ በቀጥታ ከተቀሰቀሰው ይበልጣል ይላል ስሌቱ። ሬዲዮ ያልሰማ ሰው ሬዲዮ ከሰማ ሰው ተቀብሎ ወጥቷል ማለት ነው። የስትራውስ እስረኛ «የጠራኝ ጎረቤቴ ነው» ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ ጎረቤቱን ማን እንደጠራው ግን አልተጠየቀም። ኢሪ አውራጃ ላይ ለድምፅ መስጫ የተገኘው ሁለተኛው እርከን እዚህ ገጀራ ይዞ ብቅ አለ።

ይህ ጥናትም ከነቀፋ አላመለጠም። ሞገድ መድረሱ ማዳመጥ አይደለም፤ ሬዲዮና ባትሪ የሌለበት መንደር ሞገዱ ቢያጥለቀልቀውም ዝም ያለ መንደር ነው። የጋቻቻ መዝገብም የተከሰሰውን እንጂ የገደለውን ሁሉ አይቆጥርም። ቁጥር የሚወዱ ተመራማሪዎች ሰው የማናገርን ድካም ሲያልፉት እንዲህ ያለ ክፍተት ይተዋሉ። የሚያናግሩት ደግሞ «ባይኖር ኖሮ» የሚለውን ጥያቄ መመለስ አይችሉም። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ብቻ ነው ቀረብ ያለ ሥዕል የሚያገኘው።

የሩዋንዳን ጭፍጨፋ የዳኘው የአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ስለ መቶኛው መከራከር አላስፈለገውም። በታኅሣሥ 2003 ናሂማናንና ሌሎች ሁለት የሚዲያ ሰዎችን ጥፋተኛ ብሎ ከባድ ቅጣት በየነባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው በኅዳር 2007 የተወሰኑ ጥፋቶችን ሰርዞ የናሂማናን የዕድሜ ልክ ፍርድ ወደ 30 ዓመት ዝቅ አደረገው። በሕጉ ለዘር ማጥፋት በቀጥታና በአደባባይ መቀስቀስ በራሱ ወንጀል ነው፤ ማንም ባይፈጽመው እንኳ። ስለዚህ የምሁራኑ መቶኛ ዝቅ ማለቱ አቅራቢዎቹን ነጻ አያወጣም፤ ከፍ ማለቱም ጥፋታቸውን አይጨምርም። በአደባባይ ክርክራችን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ስንደባልቅ ነው የምንሳሳተው፦ ጥፋተኛው ማነው የሚለው አንድ ነው፣ ጉዳቱ በምን መንገድ ተላለፈ የሚለው ሌላ።

በመተላለፊያው ላይ ከሁሉ የተሻለ ፍንጭ ያገኘሁት ከሦስተኛዋ ዘንድ ነው። ኤሊዛቤት ሌቪ ፓለክ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናት። በ2004 አንድ የሆላንድ ድርጅት ሩዋንዳ ውስጥ «ሙሴኬዌያ»፣ አዲስ ንጋት ማለት ነው፣ የተባለ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ጀምሮ ነበር። በድራማው ሁለት ጎረቤት መንደሮች በመሬት ይጣላሉ፣ ሹሞች ጠቡን ያቀጣጥላሉ፣ ከሁለቱም ወገን የሆኑ ወጣቶች ይፋቀራሉ። ሁቱና ቱትሲ የሚለው ስም አይነሳም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። ፓለክ ማኅበረሰቦችን በዕጣ ለሁለት ከፈለች፦ ገሚሱ ይህን ድራማ፣ ገሚሱ ስለ ጤና የሚያወራ ሌላ ድራማ ለአንድ ዓመት በቡድን ተሰብስበው ያዳምጣሉ። ዕጣው ነው ቁም ነገሩ። ሰው የሚያዳምጠውን ራሱ ሲመርጥ፣ ለውጡ ከድራማው ይምጣ ከመራጩ ጠባይ መለየት አይቻልም።

ከዓመት በኋላ በታየው ውጤት የአድማጮቹ የግል እምነት ብዙም ፈቀቅ አላለም። ድራማው ስለ ግጭት ምንጭ ሊያስተምር የፈለገውን ትምህርት አልተቀበሉትም። የተለወጠው «ሰው እንዲህ ማድረግ ይገባዋል፣ እዚህ ሰፈር ይህ ይፈቀዳል» የሚለው ግምታቸው ነው፤ ከሌላ ወገን ስለ መጋባት፣ ስለ መተማመን፣ ያላመኑበትን በግልጽ ስለ መቃወም። ሥራቸውም አብሮ ተለወጠ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ቡድን ማጫወቻና ካሴቶች በስጦታ ተሰጡና በማን እጅ ይቆዩ ተባለ። የጤናውን ድራማ የሰሙት ዘንድ አንዱ ተነስቶ ለአካባቢው ሹም ይሰጥ ሲል ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ይስማማና ጉባኤው ይበተናል። የዕርቁን ድራማ የሰሙት ግን ይከራከራሉ፦ ለምን ለሹሙ? በጋራ ለምን አንይዘውም? በትእዛዝ ሰው በተገደለበት አገር ለሹም «ለምን» ማለት ትልቅ ነገር ነው። ተመራማሪዋ ይህን በመጠይቅ ብቻ ብትፈልግ ኖሮ ታጣው ነበር፤ ሰው ተሰብስቦ ሲወስን ቆማ ስለተመለከተች አገኘችው።

ከዚህ ተነስቼ ወደ ገዳዩ ጣቢያ ስመለስ የሬዲዮው ጉልበት የሚገኝበት ሌላ ቦታ ይታየኛል። ያ ሬዲዮ ቱትሲ የማይጠላውን ሰው ጠላት ላያደርገው ይችላል። ግን በየዕለቱ፣ በየቀልዱ፣ አደባባይ ላይ ሲነገር እያንዳንዱ አድማጭ «ሌላው ሁሉ እንዲህ ያስባል» ብሎ ይገምታል፤ መከልከል የሚችለው ሰውም ብቻዬን ነኝ ብሎ ዝም ይላል። ጀርመናዊቷ ኤሊዛቤት ኖኤለ-ኖይማን በ1974 «የዝምታ አዙሪት» ያለችው ይህን የሚመስል ነገር ነው፤ ሰው የአብዛኛውን ሐሳብ እየገመተ፣ መገለልን እየፈራ አፉን ይዘጋል፣ ዝምታውም አብዛኛውን ይበልጥ አብዛኛ ያስመስለዋል። ሴትዮዋ በናዚ ዘመን ለገዥዎቹ ጋዜጣ ትጽፍ እንደነበረ ይታወቃልና ስለ ዝምታ የምትናገረውን በጥርጣሬ የሚያነቡ ብዙዎች ናቸው። እኔ ደግሞ ዝም ያሰኘውን ከውስጥ የምታውቅ ናት እላለሁ።

የሬዲዮ ድራማው ዘዴ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው «የቀን ቅኝት» ከ250 በላይ ክፍሎች ነበሩት፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ኤችአይቪ ለማስተማር በሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ስልት የተደረሰ ነበር። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጽፈዋል። ውጤቱ ከተመዘነባቸው መንገዶች አንዱ ወደ ጤና ተቋማት የመጡትን አዲስ ተገልጋዮች ምን እንዳመጣቸው መጠየቅ ነበር። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ዕጣ አልነበረም፣ ሞገዱ ያልደረሳቸውን የሚለይ ካርታም አልተሠራም። ድራማውን የሚከታተል ሰው ቀድሞውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ያሰበ ይሆን? በዚያ ዘዴ መለየት ያስቸግራል።

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 መልእክት ከሰው ወደ ሰው እንደሚሻገር ባየንበት ዓይን ሲነበብ አስገራሚ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ያሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ግን እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። ሕግ አውጪው መስመር ማስመር ነበረበት፤ በዚህ አልወቅሰውም። ግን 5,000 የሚለው ቁጥር ንድፈ ሐሳብ ያዘለ ቁጥር ነው፤ ጉዳት የሚለካው በተቀባይ ብዛት ነው ይላል፣ ሞገዱ የደረሰውን መንደር ሁሉ እንደ ተመታ እንደሚቆጥረው ሰው። ሙሉ ከተማ የሚከተለው ማንም የማያምነው ቀልደኛ ከባዱ ቅጣት ይጠብቀዋል። በአንጻሩ 300 ተከታይ ያለው፣ ግን ያነበበውን ለዕድሩ፣ ለጠላ ቤቱና ለወረዳው ስብሰባ የሚያደርስ፣ ሰውም ቃሉን የሚጠብቀው የሰፈር አዋቂ በአዋጁ ሚዛን ቀላሉ ነው።